የድንጋይ ዱቄት

በዚያ ዓመት ዝናቡ ቀረ። ደመናው ይመጣል፣ ያረግዛል፣ ሳይወልድ ይመለሳል። ወንዙ መጀመሪያ ቀጠነ፤ ቀጥሎ ተቆራረጠ፤ በመጨረሻ ድንጋዩ ብቻ ቀረ። ከብት ያለው ከብቱን ሸጠ፤ ልሽጥ አልሽጥ ሲል የዘገየ ቆዳውን ሸጠ። ድሮ ለዶሮ ይደፋ የነበረው ፉርሽካ የሰው ምግብ ሆነ። ከሐሩሩ ጋር ትኩሳት ገባ። ትኩሳቱ ሽማግሌና ሕፃን እየመረጠ ወሰደ፤ ሳይመርጥም የባለወፍጮውን ሚስት ወሰደ።

ባለወፍጮው አላለቀሰም። ቀበራት፤ እጁን ታጠበ፤ ሐዘንተኛው ሲበተን ሞተሩን አስነሣ። እሑድ ደግሞ እንደ ልማዱ በጸሎት ቤቱ ቆሞ የሳምንቱን ምንባብ አነበበ። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። ሰዎቹ ሲወጡ፣ “ኢዮብ ማለት ይኸ ሰው ነው፤ የእኛማ እምነት ወሬ ነው” ተባባሉ። ሰማቸው። ከቀብሩ ወዲህ እንቅልፉም፣ ምግቡም፣ ጸሎቱም እንደ ገለባ ሆኖበት ነበር። ይቺ ንግግር ብቻ ደረቱ ላይ ለብ አለችው። ከዚያ ወዲህ እሑድ በመጣ ቁጥር ድምፁን ከፍ እያደረገ ያነብ ጀመር።

ቅዳሜ ጠዋት ዳቦ ጋጋሪዋ ዱቄቷን ተሸክማ እየነደደች መጣች። ተራ የሚጠብቁትን ሰዎች ገፋ ገፋ አድርጋ አለፈችና ከረጢቱን እግሩ ሥር ጣለችው።

“ጋሼ፣ ሞተርህን አጥፋልኝ!”

“ምን ሆንሽ?” አለ ባለወፍጮው ከሞተሩ በላይ እየጮኸ።

“አጥፋው አልኩህ! እሱን የምበልጥበት ጉሮሮ የለኝም።”

አጠፋው። ሞተሩን ከወፍጮው የሚያገናኘው ቺንጋ እየተጎተተ ቆመ። ቤቱ ጸጥ ሲል የሁሉም ዓይን እሷ ላይ ሆነ።

“ትናንት የፈጨህልኝ ዱቄት አሸዋ አለበት። ዳቦዬን የገዛ ሁሉ ጉንጩን ይዞ ተመለሰብኝ። ያ ልብስ ሰፊ፣ ‘ዳቦ ነው የሸጥሽልኝ ሞረድ?’ አለኝ በሰው ፊት።”

ከተራው መሃል አንዱ ሳቀ። ባለወፍጮው ጎንበስ ብሎ ከዱቄቱ ቆነጠረና በጣቶቹ መሃል አሸው። ጣቶቹ ከዕድሜ ልክ ሥራ ደንድነዋል፤ ምንም አልተሰማውም።

“ዱቄት ነው” አለ።

“በጣትህ ሳይሆን በጥርስህ ሞክረው እንጂ!”

አፉ ውስጥ አልጨመረውም። ሰዎቹ ያዩታል። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና ቀና አለ።

“እህልሽ ነው” አለ። “ከመሬት የተጠረገ እህል ነው ያመጣሽልኝ። አሸዋው አብሮ ተጠርጎ መጣ።”

በዚያ ዓመት ይህ ቃል ከባድ ስድብ ነበር። ሰው መጋዘን ደጅ፣ መኪና የሚራገፍበት ቦታ፣ ጨለማ ለብሶ እየሄደ የፈሰሰ እህል ከነአፈሩ ይጠርግ ነበር። የጠረገ አይናገርም፤ ሲጠርግ ያየም አይናገርም። ዳቦ ጋጋሪዋ ደግሞ ዳቦዋን ለሰው የምትሸጥ ናት።

“እኔ?” አለች። ድምፏ ወረደ። “እኔ ጥራጊ ለቃሚ?” ዞር ብላ ተራ የያዙትን አየች። “እህሌን ስገዛ አብራችሁኝ የነበራችሁ ሰዎች እዚህ አላችሁ። ተናገሩ እንጂ!”

ማንም አልተናገረም። በአካባቢው ያለው ወፍጮ ይኸው አንዱ ነው። አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ “እሱስ መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ነው፤ በሐሰት አይናገርም” አሉ።

እሷ ከረጢቷን አነሣች። “እግዚአብሔር በመካከላችን ይፍረድ።”

“አሜን” አለ ባለወፍጮው፤ ሁሉም እንዲሰማው አድርጎ።

ሞተሩን መልሶ አስነሣ።

የወፍጮ ድንጋይ ሲፈጭ ይሟልጣል። ሲሟልጥ እህሉን ያሞቀዋል እንጂ አይፈጨውም። ስለዚህ ድንጋዩ ይነሣና በመሮ እየተወቀረ ጥርስ ይወጣለታል። አዲስ የተወቀረ ድንጋይ ግን ሥራ ሲጀምር ትርፍራፊውን ይተፋል። ለዚህ ሲባል መጀመሪያ ፉርሽካ ይፈጭበትና ይደፋል። ይኸን የወፍጮ ቤት አይጥ እንኳ ታውቀዋለች። ዘንድሮ ፉርሽካ የለም። ባለወፍጮው ሐሙስ ዕለት ድንጋዩን ራሱ ወቀረ፤ በመጥረጊያ ጠረገ፤ በአፉ እፍ አለ፤ ገጠመ። “በቃ ጸድቷል” ብሎ ለራሱ ነገረው። ከጓዳው አንድ ቁና እህል አምጥቶ መጀመሪያ ፈጭቶበት መድፋት ይችል ነበር። እህል መድፋት በዚህ ዘመን ነውር ነው ብሎ ተወው።

ድሮ ድንጋዩን የሚወቅረው እሱ አልነበረም። ወቃሪ ነበረው፤ እጁ ከድንጋይ ጋር የሚነጋገር፣ ዝምተኛ ሰው። ከብዙ ዓመት በፊት የወቃሪው ቤት ተቃጠለ። ባለወፍጮው ሰውየውን ከነሚስቱ ከነልጆቹ የወፍጮ ቤቱ መጋዘን ውስጥ አስገብቶ ክረምቱን ሙሉ አኖራቸው፤ አበላቸው። መልካም ሥራ ነበር፤ ከልቡም ነበር። ነገሩ የተበላሸው በኋላ ነው።

ወቃሪው በእግሩ ሲቆም ብድሩን ልመልስ አለ። ድንጋዩን በነፃ ሊወቅር መጣ፤ ባለወፍጮው የእጁን ዋጋ በግድ መዳፉ ውስጥ ጨመረለት። “ለእግዚአብሔር ብዬ ያደረግሁትን አንተ በመሮ ልትመልስልኝ ነው?” አለው፤ ሰው በተሰበሰበበት። በግ አመጣ፤ በጉ ተመለሰ። ማር አመጣ፤ ማሩ ተመለሰ። የባለወፍጮው ሚስት፣ “ኧረ ተቀበለው አንተ ሰው፤ ሰው ዕድሜ ልኩን ተሸክሞ አይኖርም” ብትለው፣ “የእኔ ከፋይ በሰማይ ነው” ይላት ነበር። እሷ ስትሞት ወቃሪው መቃብር ሊቆፍር አካፋ ይዞ ከሁሉ ቀድሞ መጣ። ባለወፍጮው አካፋውን ከእጁ ወሰደበት። “ተወው፤ ሰው ቀጥሬያለሁ” አለው። ወቃሪው ባዶ እጁን አየ፤ ወደ ኋላ ሄዶ ቆመ። ከዚያን ቀን ወዲህ ወፍጮ ቤቱን አልረገጠም። የጠራውም የለም።

እኩለ ቀን ላይ ሞተሩን አጥፍቶ ወደ ቤት ገባ። ልጁ ዳቦና ቀጭን ሾርባ አቀረበችለት። እናቷ ከሞተች ወዲህ ቤቱን የያዘችው እሷ ናት፤ ትዳሯን ትታ አይደለም፣ ገና አላገባችም። መጽሐፉን ከፍቶ አጠገቡ አስቀመጠ። የነገን ምንባብ እያየ ይበላ ነበር። ቁራሹን ያነሣል፣ ያኝካል፣ ይውጣል። ቁራሽ መብላቱን የሚያውቀው ሳህኑ ሲጎድል ብቻ ነው።

ቀና ሲል ልጁን አያት። ዳቦውን ሾርባው ውስጥ ነክራ ቀስ እያለች ታኝካለች። ድንገት ቆም አለች፤ ጣቷን አፏ ውስጥ ከተተች፤ የሆነ ነገር አውጥታ የሳህኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጠች። ጠርዙ ላይ ሌሎችም አሉ። ጥቃቅን ናቸው፤ ግራጫ።

“ምንድን ነው እሱ?” አላት።

“ምንም አይደል፣ አባባ።”

“ምንድን ነው አልኩሽ?”

“ድንጋይ ነው።”

“ከመቼ ጀምሮ?”

“ከሐሙስ ማታ።”

“ታዲያ አፍ የለሽም? ለምን አልነገርሽኝም?”

ልጁ ማንኪያዋን አስቀመጠች። “አንተም ስትበላ ነበር እኮ። እንደኔው። እያወቅህ የታገሥክ መሰለኝ።” ሳህኗን ወደ ጎን ገፋች። “ደግሞ ለአንተ ማን ይናገራል? የምትናገርህ እማዬ ነበረች።”

ባለወፍጮው ዳቦውን ቆርሶ አፉ ውስጥ ጨመረ። አሁን እያዳመጠ አኘከ። ቀጭ አለ። እንደገና ቀጭ አለ። ከሐሙስ ጀምሮ ድንጋይ ሲበላ ሰንብቷል፤ አላወቀም። ራሱን ፈተሸ፤ ልናደድ ይሆን፣ ልፈር ይሆን ብሎ ጠበቀ። ምንም አልመጣም። ድምፁ ብቻ ራስ ቅሉ ውስጥ ቀረ።

ልማድ ሆኖበት ዓይኑን ወደ መጽሐፉ መለሰ። ምንባቡ የዚያች ማታ ነው፤ ጌታ ወገቡን በማበሻ ጨርቅ ታጥቆ የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጠበባት ማታ። ጴጥሮስ፣ አንተ የእኔን እግርማ አታጥብም ብሎ እምቢ አለ። ባለወፍጮው ይህን ቦታ ስንት ጊዜ አንብቦታል፤ ሁልጊዜ ጴጥሮስን ይወድለት ነበር። ትሑት ሰው፣ ይሉኝታ ያለው ሰው ይለው ነበር በልቡ። ቀጥሎ ያለውን መልስ ግን እየሮጠ ነበር የሚያልፈው፤ ካላጠብኩህ ከእኔ ጋር ዕድል የለህም የሚለውን። አሁን አፉ ውስጥ ጠጠር ስላለ መሮጥ አልቻለም። ጠጠሩን በምላሱ ፈልጎ አወጣው። አካፋ የተነጠቀው የወቃሪው ባዶ እጅ ዓይኑ ላይ መጣ።

መጽሐፉን ዘግቶ ወጣ።

ጸሎት ቤቱ ክፍት ነበር። የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ የበሩን ማጠፊያ ዘይት እየቀቡ ነው።

“ነገ ሌላ ሰው ያንብብ” አላቸው።

“ታመምክ?”

“አልታመምኩም። ውስጤ ምንም የለም። ሳነብ አይሰማኝም፤ ስጸልይ አይሰማኝም። አፌ ብቻ ነው የሚሠራው።”

ሽማግሌው በሩን ወዲያ ወዲህ አድርገው አዳመጡት፤ ጩኸቱ አልጠፋም፤ ሌላ ጠብታ ጨመሩ።

“እሱንማ አውቃለሁ” አሉ። “ደንዝዘህም እየመጣህ ነው፤ እሱ ታማኝነት ነው። እግዜር አንተን ስሜት አምጣ አላለህም፤ ና ነው ያለህ። እኔ የሠጋሁልህ ለድምፅህ ነው።”

“ድምፄ ምን ሆነ?”

“ከቀብሩ ወዲህ ከፍ ብሏል። ማንን ለማሰማት እንደሆነ እኔ አላውቅም። እግዜር እንደሆነ ጆሮው ደህና ነው።”

ባለወፍጮው መሬት መሬት አየ። ሽማግሌው ዘይቱን ከደኑት።

“የዚያችን ሴትዮ ነገር ሰማሁ” አሉ። “ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ዳቦዋን በልቻለሁ፤ እኔ እንደሆን ጥርሴ ካለቀ ቆይቷል፣ ሳላኝክ ዋጥኩት። ሆዴ ግን ወፍጮ ሆኖ አደረ። ጥራጊ ነው እንዴ?”

“አይደለም። ድንጋዬ ነው።”

“ታዲያ እኔ ጋ ምን ትሠራለህ?”

ዳቦ ጋጋሪዋ ምድጃዋ አጠገብ ተቀምጣ ዱቄቱን በስስ ጨርቅ ታጣራ ነበር። ምድጃው ቀዝቅዟል። ሲመጣ አየችው፤ እጇ አላረፈም።

“ጥራጊ ልትገዛ መጣህ? አልቋል።”

“አሸዋው የእኔ ነው” አለ።

“ምን አልክ?”

“ድንጋዩን ወቅሬ ሳላጸዳ ፈጨሁልሽ። እህልሽ ንጹሕ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው።”

ጨርቁን አስቀመጠችና ተነሣች። “ለምንድን ነው እዚህ የምትነግረኝ? የሰደበኝ ምድጃዬ ነው እንዴ? የት ቆመህ ነው ጥራጊ ለቃሚ ያልከኝ?”

“ወፍጮው ጋ።”

“እንግዲያው ምላስህን ይዘህ ወደዚያው። ቅደም፤ እከተልሃለሁ።” ሻሿን አጥብቃ አሰረችና እሷው ቀደመችው።

ወፍጮው ደጅ ከሰዓት በኋላ የሚያስፈጩት ተቀምጠው ነበር። ጠዋት የነበሩትም ወሬ ሸቷቸው አልሄዱም። ባለወፍጮው መሃላቸው ቆመ። የሚናገረውን ተናገረ፤ አጭር ነበር። ድምፁ ዝቅ ከማለቱ የተነሣ ከኋላ ያሉት፣ “ምን አለ? ምን አለ?” አሉ። ዳቦ ጋጋሪዋ፣ “ድገመው፤ እዚያ ጋ አልደረሰም” አለችው። ደገመው።

“እኛስ?” አለ ልብስ ሰፊው። “እኔ ትናንት ያስፈጨሁት?”

“እሱም። ከሐሙስ ጀምሮ የተፈጨው ሁሉ። እተካለሁ።”

“አፈር ስንበላ ነበር ማለት ነው?”

“ድንጋይ” አለ ባለወፍጮው።

“ወይ ጉድ! አፈር ይሻል ነበር፤ ይለሰልሳል።”

ሳቁ። ከሳቁ ውስጥ የመረረም ነበር። አንዷ፣ “የሚያነብ ሰው አይዋሽም ተብሎ ነበር” አለች። ባለወፍጮው ነገሩን ሲናገር ሸክም የሚወርድለት መስሎት ነበር፤ አልወረደም። የወረደ ነገር ቢኖር ያቺ ደረቱ ላይ የነበረችው ለብታ ናት። እሷም ሄደች፤ ባዶውን ቀረ።

“በቃ፣ ተናገረ” አለች ዳቦ ጋጋሪዋ። “ልብሱን አናስወልቀው። ይልቅ ነገ ምን እንበላለን? ድንጋዩን ማን ያበጀዋል? ይኸ ሰው ከሆነ ደግሞ እኔ እህሌን ቆልቼ እቆረጥመዋለሁ።”

ማንም ስም አልጠራም። መጥራት አያስፈልግም ነበር።

ወቃሪው ደጁ ላይ ለመቃን የሚሆን ድንጋይ እየፈለጠ ነበር። እንግዳ ሲመጣ መዶሻውን አሳረፈ፤ አልተነሣም።

“ድንጋዩን አበላሸሁት” አለው ባለወፍጮው።

“አውቃለሁ። ሐሙስ ዕለት መዶሻህን ከዚህ ሆኜ እሰማው ነበር። ሚስቴን፣ ‘ይኸ ሰው እየወቀረ አይደለም፤ እየደበደበ ነው’ አልኳት። ድንጋይ ምን በደለህ?”

“ናና ሥራልኝ።”

“ስንት ትከፍለኛለህ?”

“የፈለግኸውን።”

ወቃሪው አየው። ለብዙ ዓመት ዓይኑን አቅንቶ አይቶት አያውቅም ነበር።

“የፈለግሁትን ከሆነ፣ ምንም” አለ። “በዚያ ክረምት አበላኸኝ፤ አልረሳሁም። ልረሳም ብል አንተ አታስረሳኝም። ግን ስማኝ ወንድሜ፤ ያኔ ከእሳት አወጣኸኝ፣ ከዚያ በኋላ አንገቴን ይዘህ ቀረህ። ገበያ ስሄድ ሰው ‘ያ ባለወፍጮው ያኖረው’ ይለኛል። ልጆቼ አንተን ሲያዩ መንገድ ይቀይራሉ። በጌን መለስክ፤ እሺ። ማሬን መለስክ፤ እሺ። የሚስትህን መቃብር ከለከልከኝ። ልጄን በትኩሳት ስታስታምምልኝ ያደረች ሴት ናት። እሷን ለመቅበር እንኳ እጄ አይበቃም?”

ባለወፍጮው መልስ ፈለገ፤ የለመዳት መልስ ምላሱ ላይ መጣች፤ ከፋዬ በሰማይ ነው የምትለዋ። ዋጣት።

“በድያለሁ” አለ።

“እሱን ተወው። የምጠይቅህን መልስልኝ። ብመጣ ትቀበለኛለህ?”

“እቀበልሃለሁ።”

“ማለት ቀላል ነው” አለ ወቃሪው። መሮውን መረጠና ተነሣ።

የላይኛውን ድንጋይ በብረት ፈንቅለው አነሡትና ገለበጡት። ወቃሪው ድንጋዩን በመዳፉ ዳበሰው፤ ምላሱን ጠጭ ጠጭ አደረገ፤ ከዚያ ተቀመጠና ጀመረ። ምቱ አጭር ነው፤ አንድ ዓይነት ነው። ባለወፍጮው ትርፍራፊውን ይጠርግለታል። “ዞር በል፤ ብርሃኔን ከለከልከኝ” ሲለው ዞር ይላል። ደጅ ያሉት ሰዎች መጀመሪያ ያወሩ ነበር፤ ቆይተው የመሮውን ድምፅ ብቻ ማዳመጥ ያዙ።

ሁለቱም ድንጋዮች አልቀው ሲገጠሙ ፀሐይዋ አዘንብላ ነበር።

“ፉርሽካ አለህ?” አለ ወቃሪው።

“የለም። ከጓዳ እህል ላምጣ።”

“ቁጭ በል።”

ወቃሪው ወጣ። ሲመለስ ትንሽ ከረጢት አንጠልጥሏል። አፏን ፈታና አሳየው። እህል ነው፤ የተለቀመ፣ የተበጠረ፣ ንጹሕ እህል።

“ይኸ የልጆችህ ነው” አለ ባለወፍጮው።

“ነው።”

“ይደፋል እኮ።”

“ይደፋል።”

“በዚህ ዘመን? ለምን? እኔ ጓዳ እኮ አለ፤ ከአንተ ይልቅ እኔ...”

“አውቃለሁ። ሁልጊዜ አለህ” አለ ወቃሪው። ቁጣ የለበትም። “ሚስቴ ይኸን ስትሰፍር አላንገራገረችም። ‘ውሰድለት፤ ዛሬስ ቀና ብለን እንደር’ ነው ያለችኝ።”

ደጁ ላይ ዳቦ ጋጋሪዋ ቆማለች። ልብስ ሰፊውም አለ። የባለወፍጮው ልጅም ከቤት ወጥታ የበሩን መቃን ተደግፋለች። ባለወፍጮው ከረጢቷን አየ። ብትመዘን የረባ ክብደት የላትም። በዕድሜው ከዚህች የከበደ ነገር አንሥቶ አያውቅም። ለብዙ ሰው ሰጥቷል፤ ስንቱን ተሸክሟል፤ ከሰው እጅ ግን የተቀበለበትን ቀን ማስታወስ አቃተው።

ሁለት እጁን ዘረጋ። ወቃሪው ከረጢቷን መዳፉ ላይ አኖረለት። ባለወፍጮው ዞረ፤ እህሉን ወደ ወፍጮው አፍ ገለበጠው፤ የቀረች ፍሬ እንዳትኖር ከረጢቷን አራገፋት። ሞተሩን አስነሣ።

ዱቄቱ የሚጠራቀምበት ቋት ውስጥ መጀመሪያ የወረደው ግራጫ ነበር። ከዚያ እየነጣ መጣ። ወቃሪው ከመጨረሻው ቆንጥሮ በጥርሱ ሞከረ፤ ለዳቦ ጋጋሪዋ ሰጣት፤ እሷም ቀመሰችና ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። ባለወፍጮው ቋቱን ተሸክሞ ወጥቶ የሰውየውን ልጆች ራት ከቤቱ ኋላ ደፋው። ሲመለስ ዓይኑ ረጥቦ ነበር፤ ዱቄት ይሁን ሌላ ማንም አልጠየቀውም፤ እሱም አላበሰውም።

“ብድሬን ተቀበልክ?” አለ ወቃሪው።

“ተቀብያለሁ” አለ ባለወፍጮው።